የአክስቴ ጉድጓድና የእኔ ባትሪዎች

ሰኞ

ጉድጓዱን ልትከፍተው ነው! አክስቴ ዘነበች ጠዋት ከመስቃን ደወለች። “ዓርብ ሴቶቹ እንሰት ሊፍቁልኝ ይመጣሉ። አዲሱን ቆጮ የምቀብረው ከጓሮ፣ በድሮው ጉድጓድ ነው። ቆጮ የለመደ ጉድጓድ ያጣፍጣል” አለችኝ። “እሺ” አልኩ። ምን ልበል? እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ያበጠ የሞባይል ባትሪ አለ። አምና እሷ ለቅሶ ሄዳ ሳለ የቀበርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ቡታጅራ፣ ከስልክ ጥገና ሱቄ ጀርባ የጣልኩት ባትሪ የጨሰ ዕለት ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው “ልታቃጥይን ነው እንዴ!” ብሎ ጮኸብኝ። ደነገጥኩ፣ አፈርኩም። መቅበር ብልህነት መሰለኝ። ጉድጓዱም የተተወ መስሎኝ ነበር። ውሸቴን ነው፤ አልመሰለኝም፣ ሆን ብዬ ነው ያልጠየቅኩት።

ማክሰኞ

እጄ ሥራ አልይዝ አለ። አንድ ስክሪን ሰበርኩ።

ወልቂጤ ላለው አሮጌ ስልክ ሰብሳቢ ደወልኩ። “የስልክ ቦርድ ካለሽ አምጪ፤ ባትሪ ግን አልነካም እህቴ።” “ታዲያ የት ልውሰደው?” ስለው ሳቀ።

ዛሬም ሦስት ሰው አሮጌ ባትሪውን ትቶልኝ ሄደ። “ግድ የለም፣ እኔ ጋ ተዉት” እላለሁ። አፌ ለምዶታል፣ ወይ እኔ!

ረቡዕ

አንድ በርበሬ ነጋዴ ሽማግሌ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ይዘው መጡ። የኋላ ክዳኑን በጥፍራቸው ከፍተው አሳዩኝ። “ስልክ ማለት ይሄ ነው ልጄ! ባትሪው ቢሞት ሌላ ትከቺበታለሽ። የልጄ ግን በማስቲሽ የተዘጋ ነው፤ ባትሪው ሲሞት ስልኩም አብሮ ሞተ።” እውነታቸውን ነው። አዲስ ባትሪ አስገባሁላቸው፣ “እጅሽ ይባረክ” አሉኝ። ይሄ እጅ!

አሮጌውን ሲያቀብሉኝ “ይሄስ የት ይሄዳል?” አሉ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። “ቦታ አለው አባባ” አልኩ። ፊቴ ጋለ።

ነገ ሱቅ አልከፍትም። አክስቴ ማኅበር ስትሄድ አውጥቼው እመለሳለሁ። የምይዘው፦ ጓንት፣ አካፋ፣ ፕላስተር፣ እሳት እንዳይነሳ እስከ ግማሹ ደረቅ አሸዋ ያደረግኩበት ትንሽ በርሜል። ለሷ ትንፍሽ አልልም።

ሐሙስ

ማዳበሪያው በስብሶ እጄ ላይ ተበጣጠሰ። ባትሪዎቹ ዝገዋል፤ አንዳንዱ ተሰንጥቆ አፈሩ ይከረፋል። የእንሰቶቹ ሥር ደግሞ በጉድጓዱ ግድግዳ በኩል ወጥቷል። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ቀና ስል አክስቴ ቆማለች። ማኅበሩን ጨርሳ በጊዜ መመለሷ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፣ እያለቀስኩ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

“አንቺን እኮ ያሳደግኩሽ ከዚህ ጉድጓድ በወጣ ቆጮ ነው” አለች።

ቆይታ “ለእኔስ ጓንት አለሽ?” አለችኝ። እንቢ አልኳት። ብቻዬን ለቀምኩ። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ “ያውና፣ እዚያ ጋ አንድ ቀርቷል” ትለኝ ነበር።

ዓርብ

ሴቶቹ መጡ። ጉድጓዱ ለምን እንዳልተጠረገ ሲጠይቋት “ውሃ ገብቶታል” አለች። አክስቴ! ዋሽታ አታውቅም፤ ለእኔ ብላ ዋሸች። አንዷ ጎረቤት “ታዲያ የእኔ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራላ!” አለች። ነገሩ በዚሁ አለቀ። የእንሰት ቅጠል እያቀበልኩ አንገቴን ደፋሁ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

የተፋቀው በላይ በኩል ያለው እንሰት ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ያሉትን አራቱን አላስነካችም።

ቅዳሜ

በርሜሉ ሱቄ ውስጥ ነው፣ ከበሩ አጠገብ፣ እንዳልረሳው። የእያንዳንዱን ባትሪ ጫፍ በፕላስተር ሸፍኛለሁ። ማን እንደሚረከበኝ ገና አላወቅኩም። ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ፤ “አናውቅም” ቢሉኝም ሌላ ቢሮ እሄዳለሁ።

ቅድም አክስቴ ደወለች። “እነዚያ አራቱ እንሰቶች... ይበላሉ?”

ሱቅ ውስጥ ምን ቢጠይቁኝ “ቀላል ነው” ነው መልሴ። አሁንም አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

“አላውቅም” አልኳት።

 

“እንግዲያው አንነካቸውም” አለች። “ለመስቀል ያልኩት እነሱን ነበር። በቃ፣ ዘንድሮ ጎረቤት ጉድጓድ የቀበርነውን ቆጮ እንበላለን። አንቺም አፈርኩ ብለሽ እንዳትቀሪ።”