ሦስቱ ጭብጨባ ያቃተህ ቀን

አባት ሆነህ ላሳደግኸኝ ለወንድም ጋሼ አፒሳይ፦

እንደምን ሰነበትክ? ራስህን ይሻልሃል? ቀኝ እጅህስ መነሳት ጀመረች? ፓስተሩ ቀብርህ ላይ "እሱ የሄደበት ሕመም የለም" ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ግን ካንተው አፍ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ፤ ሰኞ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ስለከበደኝ ነው። ያን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አዲሱ ጀልባ ሲመረቅ፣ ከሥር የሚጨመቀውን መጠጣችንን፣ ካቫውን፣ በቅል ጨልጠህ እንደ ወጋችን ሦስቴ ልታጨበጭብ ነበር። ግራ እጅህ መጣች፤ ቀኟ ጭንህ ላይ ቀረች። የአክስታችን የቫሲቲ ልጅ ኢላይቲያ፣ መቼም በአክስት ልጅ ላይ መቀለድ መብቱ ነው፣ "ኧረ ጉድ! ጀግናው በሁለት ቅል እጁ ከዳው! አፉንም እዩልኝ፣ መንጠቆ እንደያዘው ዓሣ ተጣሟል!" አለ። ካቫ አፍ እንደሚያደነዝዝና ጉልበት እንደሚያዝል ማን ያጣዋል? ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተም ልትስቅ ሞከርክ፤ የሳቀው ግን ግማሽ ፊትህ ብቻ ነበር። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

"ይተኛ፣ ይለቀዋል" ብለን ምንጣፍ ላይ አስተኛንህ። አስር ሰዓት ተኩል ላይ አክስቴ ስትቀሰቅስህ ቃል አልወጣህም። ነርሷ ሎሳሊኒ ከጤና ጣቢያው ሮጣ መጣች። ፈገግ በል፣ ሁለቱንም እጆችህን አንሳ፣ ስምህን ንገረኝ አለችህ። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ "ካቫ ሁለቱንም ጎን ነው የሚያዝለው፤ ይሄ አንዱን ጎን ብቻ ነው የያዘው። ስትሮክ ነው! ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረው መቼ ነው? መድኃኒቱ የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ብቻ ነው" አለች። ኢላይቲያ "አሁን ነው፣ አሁን" አለ። ሰዓቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ የሳቅሁበት ሰዓት ነዋ። እያፈርኩ "ስምንት ሰዓት" አልኳት። ሆስፒታል ወዳለበት ደሴት ባሕሩን ለመሻገር ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ሐኪሙ ሎሳሊኒ ሰዓቱን የጻፈችበትን ካርድ አይቶ "ሰዓቱ አልፏል" አለን። በሦስተኛው ቀን ሄድክ። ያን ሁለት ሰዓት ተኩል ይቅር በለኝ።

አክስቴ ቫሲቲ ሰላም ብላሃለች። ሎሳሊኒም፤ እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ ምልክቶቹን ለመንደሩ ሰው ልታስተምር ነው። እዚያ ያለችውን እናታችንን ጉንጯን ሳምልኝ። ኢላይቲያ ግን ሰላምታም አልላከም። ከቀብሩ ወዲህ በማንም አይቀልድም።

ዘመዶች ትናንት ተበተኑ፤ ዛሬ ማለዳ ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። ዶሮዎችህን ለቀቅኋቸውና ኢላይቲያ ዘንድ ሄድኩ። ደጁ ላይ መረብ ይጠግናል፤ ቀና አላለም።

"ፈገግ በል" አልኩት።

"ምን ነካህ አንተ ልጅ?"

"ፈገግ በል። ሁለቱንም እጆችህንም አንሳ።"

እንባው እየወረደ ፈገግ አለ፤ ሁለቱም ጉንጮቹ እኩል። እጆቹም እኩል ተነሱ። ሳያወርዳቸው መሃላቸው ገባሁ።

ታናሽህ ራቱሌቩ
ካዳቩ ደሴት፣ ፊጂ
ሐሙስ ነሐሴ 8 ቀን