ስለ ብብቴ ለርእሰ መምህራችን የተጻፈ

ለክቡር ርእሰ መምህር አቶ አራጋው፣

እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? የላስታ ብርድ ሳይነካዎ፣ በተለይም ቆዳዎ ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ሰላም ሆኖ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኔ እስካለፈው ወር ድረስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህርት፣ ዛሬ ደግሞ በእርስዎ ቸርነት የመጻሕፍት መጋዘን ጠባቂ የሆንኩት ውባንቺ፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መምህራን ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ በጋዜጣ ጠቅልለው በጥበቃው እጅ የላኩልኝ ሳሙና ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ደጃፍ አስቀምጬዋለሁ። የግቢያችን ቧንቧ ከደረቀ ስለቆየ፣ ውሃውንም በጥበቃው እጅ እንደሚልኩልን ተስፋ አለኝ።

ሁለተኛ፣ በነጭ ጋውኔ ላይ ያዩት እድፍ የፈረጠ ብጉንጅ ነው። ደሴ ያየኝ የቆዳ ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ በብብት፣ በጡት ሥርና በጭን መጋጠሚያ፣ ቆዳ ከቆዳ በሚተሻሽበት ቦታ ሁሉ እያበጠ የሚፈርጥ፣ ጠባሳ ጥሎ ደግሞ የሚመለስ ሕመም ነው። ከቆሻሻ አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሐኪሙን ማስረጃ ጠረጴዛዎ ላይ ሳኖር በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አድርገው መልሰውልኛል። ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ፤ ወረቀቱ ግን ብብት የለውም።

ሦስተኛ፣ ክፍሌን ለስፖርት መምህሩ ለአዳም ሰጥተዋል። አዳም ቅን ወዳጄ ነው፤ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ካነበበላቸው በኋላ «የቀረውን ውባንቺን ጠይቋት» ብሎ ይሰዳቸዋል። ልጆቹም በመጋዘኑ መስኮት ተኮልኩለው ስለ ዘር ውርስ ይጠይቁኛል። ባለፈው ሳምንት አንዷ፣ «ቲቸር፣ ክፍል ግቢልን እንጂ! እኛ እኮ ከበግ ጋር ተኝተን ነው ያደግነው፤ ምን ይሸተናል?» አለችኝና አብረን ሳቅን። ብሔራዊ ፈተናው ሲመጣ ግን በመስኮት የተማረ ልጅ የሚስቅ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚከብደኝ እኔን ወደ መጋዘን ያዛወሩበት ደብዳቤ ነው። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። ብብት አይልም፤ ሕመም አይልም፤ ጠረንም አይልም። እኔ በዚህ አደባባይ ስሙን ጠርቼ ስጽፍ አላፈርኩም፤ እርስዎ በማኅተም ሥር ለምን እንዳፈሩ ግን አልገባኝም።

ስለዚህ ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጋውኔን ለብሼ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እገባለሁ። የዕለቱ ትምህርት ቆዳ ነው፤ ርእሱንም ክንዴን አንሥቼ ከሰሌዳው አናት ላይ እጽፈዋለሁ። ሊያስወጡኝ ቢፈልጉ በሩ ክፍት ነው። ለሥራ ቅልጥፍና ብዬ ግን አልወጣም፤ ምክንያቱን በልጆቹ ፊት፣ በራስዎ አፍ ይንገሩኝ።

ከዚህች ከአንዷ በቀር ለትእዛዝዎ ሁሉ ታዛዥ የሆነችው፣ ዕድሜና ጤና አብዝታ የምትመኝልዎ፣

ውባንቺ ገብረ ዮሐንስ
የባዮሎጂ መምህርት፤ ላሊበላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል አንቀመጥም» ብለው ከፈረሙልዎ መምህራን አንዷ፣ ትናንት የመጋዘኑን በር ከውስጥ ዘግታ ክንዷን አንሥታ አሳየችኝ። የሐኪሙን ስልክ ሰጥቻታለሁ፤ ስሟን ግን ከእኔ አያገኙም። እንግዲህ በመምህራን ማረፊያ ማን አጠገብ እንደሚቀመጡ እርስዎ ይጠንቀቁ።