የአባባ ሚሮን የስም ቀን

ውድ ወንድሜ ሲፊስ፣

ከባሕራችን አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ ጀርመን ድረስ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

ዘንድሮም ቀርጤስ በእንግዶች ተጥለቅልቃለች። ጠዋት የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ ያያሉ፤ ከሰዓት ይዋኛሉ። እማማ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ስለምትውል፣ ቤት የምንውለው አያታችን አባባ ሚሮንና እኔ ነን።

አባባ ሠላሳ ዓመት የጠበቁትን ፍርስራሽ አሁንም በየጠዋቱ ያዩታል። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ዘበኛ እጃቸውን ይዞ አመጣቸውና፣ «አባባ ሚሮን ድንጋዮቹ ቦታ ቀየሩብኝ ይላሉ» ብሎ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

ማክሰኞ ደግሞ ነጭ ሸሚዛቸውን ለበሱ። ስማቸውን ያገኙበት የቅዱስ ሚሮን በዓል ገና አንድ ወር ይቀረዋል። እሳቸው ግን የስሜ ቀን ነው ብለው ጣፋጩንና አረቄውን ደረደሩ፤ እንደ ወጉም ማንንም ሳይጠሩ፣ እንግዳው በራሱ እንዲመጣ በሩን ከፍተው ተቀመጡ። እስከ ማታ ማንም አልመጣም።

«ሰዉ ምን ነካው? ሞተ ብለው አስወሩብኝ እንዴ?» አሉ።

ሰው ፊት መናገር እንደማልወድ ታውቃለህ። ግን በጓሮ ወጥቼ በፊት ለፊቱ በር ገባሁና፣ «ብዙ ዓመት ያኑርዎት፣ አባባ ሚሮን!» አልኳቸው።

«እንኳን ደህና መጣሽ! የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ትልቁን ጣፋጭ ሰጡኝ።

እየቀለዱ መሰለኝ። ጣፋጩን በላሁት። ለእማማ አልነገርኳትም፤ ደክሟት ነበር።

ያንተን ስም በየቀኑ ያነሳሉ፤ እስካሁን አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

ለስም ቀን ሰው አይጠራም፤ ስለዚህ እኔም አልጠራሁህም። የዛሬ ወር ግን በሩን ከማለዳው ጀምሬ እከፍተዋለሁ።

መንገዱን ሁሉ ያቅናልህ።

እህትህ አርጊሮ