ሦስቱ የእኔ ሐሙሶች

እማዬ፣ የእኔ እናት፣

ከተለየሽን ስምንት ወር አለፈ። እንደምን ነሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አባዬ ልብሶችሽን ለአክስቴ ሰጣት። አረንጓዴውን ሹራብሽን ግን ደብቄ አስቀረሁት። ሚሚ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሽንቷ እንደገና አልጋ ላይ ያመልጣት ጀምሯል።

እውነቱን ልናገር አይደል? ሹራቡን የደበቅኩት ከሚሚ ነው። እህቴ ናት፣ እወዳታለሁ፣ ግን እቀናባታለሁ!

ያኔ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ በየሐሙሱ ከመካኒሳ ብስራተ ገብርኤል ወደሚገኘው ክሊኒክ ትወስጃት ነበር። እሷ ውይይት ታክሲ ውስጥ ጭንሽ ላይ፣ እኔ እቤት ምስር እየለቀምኩ። ስትመለስ አፏ አያርፍም። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ፕላስተር የመሰለ ነገር ይለጥፉላታል፣ በሽቦ ከትንሽ ማሽን ጋር ያያይዙታል፣ ቀስ እያለ ይነዝራታል፣ የፊኛዋን ነርቭ ያነቃላታል። እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንቺ እጇን ይዘሽ ተረት ታወሪላታለሽ። እኔን ያንገበገበኝ ያ ግማሽ ሰዓት ነው። ልምጣ ስልሽ መልስሽ ሁሌ አንድ ነበር፦ አንቺ ትልቅ ነሽ። አስራ አንድ ዓመቴ ነበር እኮ!

አንድ ማለዳ በጆግ ውሃ ቀዳሁና ፍራሼ ላይ ደፋሁት። እኔንም አመለጠኝ አልኩሽ። ፍራሹን ዳሰስሽ፣ አየሽኝና አውጥተሽ ፀሐይ ላይ አሰጣሽው። ሐሙስ ሲደርስ ሚሚን ጠዋት ወስደሽ መለስሻትና ከሰዓት እኔን ብቻዬን ይዘሽ ወጣሽ። እንዲህ ሦስት ሐሙስ ሄድን። እጄን ይዘሽ! ማሽኑ ምንም አልነዘረኝም፤ እንዳይነቃብኝ ግን ነዘረኝ እያልኩ እግሬን እሰበስብ ነበር። በኋላ ውሸቱ ከበደኝና ዳንኩ አልኩሽ።

ባለፈው ሐሙስ ሚሚን እኔ ወሰድኳት። የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር አልማዝ አወቁኝ። ሽቦውን እያያያዙ ሳቁና፣ ላንቺ እኮ ማሽኑን አንድም ቀን አልከፈትኩልሽም አሉኝ። ለካ መጀመሪያ ቀን በጆሯቸው፣ ይቺ ልጅ ምንም የላትም፣ የደፋችው ውሃ ነው፣ ብቻ ይለጥፉላትና ግማሽ ሰዓት አብሬያት ልቀመጥ ብለሻቸዋል።

ታውቂ ነበር! እያወቅሽ ነው ያን ሁሉ መንገድ የተመላለስሽው። እዚያው ቆሜ ተንሰቀሰቅኩ።

ሚሚ ደግሞ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ አኮረፈች። እኔን ያመጣችኝ ለማሽኑ ነው፣ አንቺን ግን እንዲሁ ነው ያመጣችሽ ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እማዬ፣ ቀናችብኝ! ሚሚ፣ በእኔ! ደስ አለኝ ብልሽ ትቆጪኝ ይሆን? ግን ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ አንጀቴን በላችው። እጇን ያዝኩና ያንቺን ተረት ጀመርኩላት፤ መጨረሻው ቢጠፋኝ ከራሴ ጨመርኩበት።

ዛሬ ሹራብሽን ከተደበቀበት አውጥቼ አለበስኳት። እጅጌው ይረዝምባታል፣ አጠፍኩላት። እሷ ትልበሰው። ሦስቱን ሐሙሶች ግን ለማንም አላካፍልም፤ እስክሞት ድረስ አልረሳቸውም።

ትልቋ ልጅሽ