ዝናብ የማያሳልፍ ድንኳን፦ የኦቦ ነገሳ ዱቤ የሕይወት ታሪክ

1946 – 2017 ዓ.ም.

ኦቦ ነገሳ ዱቤ ከአባታቸው ከኦቦ ዱቤ ጉርሜሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተረፈች ይገዙ፣ ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ባለ መንደር፣ ኅዳር 12 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ኅዳር የሱሉልታ ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት ወር ነው። እሳቸው ታዲያ «እኔ የተወለድኩት ጎማ በሚሰነጠቅበት ወር ነው» ይሉን ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ መንደር ጎማ የሚባል ነገር ደርሶ እንደሆነ ግን እኛ የቡራዩ ጎረቤቶቻቸው እስከ ዛሬ እንጠራጠራለን።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃውን በሱሉልታ ተምረው፣ ሁለተኛ ደረጃውን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ተከታተሉ። ከዚያም ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በ1965 ዓ.ም. ተመረቁ። ታላቅ እህታቸው አዴ ቦሰና እንደሚያስታውሱት፣ ነገሳ አንድ ጊዜ ለእረፍት ወደ ቤት መጥተው የእናታቸውን ኮንጎ ጫማ አንዱን እግር እሳት ዳር፣ ሌላውን ውርጭ ላይ አሳደሩት። ለምን አንዱ እንደሚለሰልስና ሌላው እንደሚደርቅ ለማየት ነው። ወይዘሮ ተረፈች ጠዋት ተነሥተው «ይሄን ያህል ዘመን የተማርከው ጫማ ማቅለጥ ነው?» አሏቸው። ነገሳ ግን የቀለጠውን እያዩ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኝ የጎማ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ጥሬ ጎማ ያዩትም ያኔ ነው። ጥሬው ጎማ እምነት የሚጣልበት ነገር አይደለም። ሙቀት ሲያገኘው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ብርድ ሲያገኘው እንደ ሸክላ ይሰበራል። ድኝ ሲጨመርበት፣ ጥላሸት ሲቦካበት፣ በእሳትና በጫና ሲበስል ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ይሳባል፣ ይመለሳል፤ ይረገጣል፣ ይነሣል። ኦቦ ነገሳ ይህን ካዩበት ቀን ጀምሮ መገረማቸውን አላቆሙም። እኛም እንድናቆም አልፈቀዱልንም። ለቅሶ ቤት ይሁን ሠርግ ቤት፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ስለ ድኝ ሳይሰማ አይነሣም ነበር።

«ጥሬ ጎማ ማለት» ይሉ ነበር፣ «ዕድር የሌለው ሰፈር ነው። ሁሉም ለየብቻው ነው። ችግር ሲመጣ ሁሉም በየፊናው ይበተናል። ድኝ ሲገባ አንዱን ከአንዱ እጅ ለእጅ ያያይዘዋል። ከዚያ በኋላ ብትጎትተው እንኳ ተመልሶ ይሰበሰባል።» እኛ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማንም፤ እውነቱን ለመናገር ሌላውን ማብራሪያቸውን አልተረዳነውም።

በ1972 ዓ.ም. ለሥልጠና ወደ ቼኮስሎቫኪያ ተልከው ነበር። አብረዋቸው የሄዱት ቴፕና ካፖርት ይዘው ሲመለሱ፣ እሳቸው በሻንጣቸው ሙሉ የጎማ ቁርጥራጭ ይዘው ተመለሱ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኤልሳቤት የሺጥላ ጋር በቅዱስ ቁርባን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ፀዲ ነገሳንና ሲላስ ነገሳንም አፈሩ። በ1983 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ገፈርሳ በኩል ቤት ሠርተው ገቡ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ ወደሚገኝ የፕላስቲክና ጎማ ውጤቶች ፋብሪካ ተዛውረው በቅይጥ ክፍል ኃላፊነት ሠርተዋል።

ሰፈራችን የእሳቸው ቤተ ሙከራ ነበር። ክዳኑ እንፋሎት የሚያስወጣ ድስት ካለ ቀለበት ይሠሩለታል። በክራንች የሚሄድ ሰው ካለ ጭቃ ላይ የማይንሸራተት ጫማ ለክራንቹ ይሠሩለታል። ይህ እንግዲህ የተሳካው ነው። ሰበታ ላይ አስፋልት የሚያንሸራትተው የጋሪ ፈረስ አይተው አዝነው፣ አራት የጎማ ጫማ ሠርተውለት ነበር። ፈረሱ ጫማውን ሲያደርግ እንደ ሰልፈኛ እግሩን አንድ በአንድ ከፍ እያደረገ ተራመደ እንጂ ጋሪ የመጎተት ሐሳብ አልነበረውም። ባለ ጋሪው «ጋሼ፣ ፈረሴን ሹም አደረጉብኝ» ብሎ ጫማውን መለሰላቸው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። አዲስ ቅይጥ ሲያበስሉ ሦስት ቦታ ይፈትኑታል። አንዱን ቁራጭ ሰበታ ፋብሪካው ማሞቂያ አጠገብ፣ አንዱን ቡራዩ የራሳቸው ጣሪያ ላይ ለዝናብ፣ አንዱን ሱሉልታ የአዴ ቦሰና አጥር ላይ ለውርጭ ይሰቅሉታል። የአዴ ቦሰና አጥር ጥቁር ጨርቅ የመሰለ ነገር በመላው ስለተንጠለጠለበት መንደርተኛው መተት ነው ብሎ በሌላ መንገድ ይዞር ጀመር። ሴትዮዋ ግን አንድም ቀን አላወረዱትም። ነገሳ በየሳምንቱ እየሄዱ ቁራጩን ይስቡታል፣ ያጥፉታል፣ ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ያዳምጡታል። ካልተሰነጠቀ አንድ ቃል ብቻ ይናገራሉ፦ «ጋሪዳ።» መልካም ነው ማለታቸው ነው። ይህችን ቃል በቀላሉ አይሰጧትም ነበር። ለሠሩት ምሳ እንኳ «ጋሪዳ» ስላላሏቸው ወይዘሮ ኤልሳቤት «ድኝ ጨምሬበት ቢሆን ኖሮ ታመሰግነኝ ነበር» ይሏቸው ነበር።

ወይዘሮ ኤልሳቤት ነሐሴ 2001 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የዕድራችን ድንኳን በደጃቸው ተተከለ። ዝናቡም መጣ። ውሃው በሸራው አልነበረም የሚገባው፤ ሸራ ከሸራ በተሰፋበት በመርፌ ቀዳዳ በኩል ነበር። ሰው ድንኳን ውስጥ ጃንጥላ ዘረጋ። የወይዘሮ ኤልሳቤት አሮጊት እናት ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ ውሃው ትከሻቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እሳቸውም ከሐዘናቸው የተነሣ ልብ አላሉትም። ልብ ያሉት ኦቦ ነገሳ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ውሃ የሚያግድ ነገር ሲሠሩ ኖረው፣ በሚስታቸው ለቅሶ አማታቸውን ከጠብታ ማዳን አልቻሉም። ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷቸው። ሠልስቱ ሲወጣ ለልጃቸው ለፀዲ «ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ሐዘንተኛ ላይ ውሃ አይንጠብም» አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ለዚህ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ዕድሩን አስፈቅደው በድንኳኑ ስፌት ሁሉ ላይ ቀጭን የጎማ ጥብጣብ ለጥፈው፣ በከሰል ካውያ ተኮሱት። ድንኳኑ ታጥፎ ዕቃ ቤት ገባ። ግንቦት ላይ የጎረቤታችን የአቶ ዓቢይ አባት አረፉ። ድንኳኑ ሲወጣ ጎማው በደንብ አልበሰለም ነበርና እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ትልቅ ጥቅል ሆኗል። የሰፈሩ ጎልማሳ በሁለት ወገን ተሰልፎ እንደ ገመድ ጉተታ ጎተተው። በመጨረሻ ግማሹ ተከፈተ። ፀሐዩ ሲያርፍበት ደግሞ ድኙ ሸተተ፤ ሟቹን የማያውቁ እንኳ ዓይናቸው በእንባ ተሞላ። የአቶ ዓቢይ ቤተሰብ አባታቸው ይህን ያህል ተወዳጅ መሆናቸውን ያወቁት ያን ዕለት ነው።

የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ መኮንን በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ኦቦ ነገሳ ወደ ድንኳን የሚጠጉት ለለቅሶ ሲመጡ ብቻ ነው» ብለው ወሰኑ። ማኅበርተኛው ሳቀ፤ እጁንም አወጣ። አዲስ ድንኳን ተገዛ፤ የተበላሸው ለኦቦ ነገሳ ተሰጠ። እሳቸው አልሳቁም። የተጣበቀውን ድንኳን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ሲገለሉ ሙሉ ጊዜያቸውን ለዚያ ድንኳን ሰጡ። ያልተሳካ ነገር ብዙ ነበር። አንዱ ቅይጥ ሰበታ ላይ ጸንቶ ሱሉልታ ላይ ይሰነጠቃል፤ ሌላው ሱሉልታን አልፎ የቡራዩ ዝናብ ይልጠዋል። አንድ ቀን ዋናው መንገድ ላይ ጎሚስታ የሆነው ወዳጃቸው የህያ ሲሠሩ አይቷቸው፣ «ኦቦ ነገሳ፣ እርስዎ እኮ በካውያ እየዳበሱት ነው። እኔ የተበሳ ጎማ ስለጥፍ በጋለ ብረት ጨምቄ እስኪበስል አልለቀውም» አላቸው። ኦቦ ነገሳ ካውያውን አስቀምጠው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያደርጉት የኖሩትን፣ እሳትና ጫና አንድ ላይ የሚለውን ነገር፣ ቤታቸው ሲሆን ረስተውት ነበር። «ድኙ እጅ ለእጅ ሳያያይዘው እኮ ነው እሳቱን የማነሣው!» አሉ። ሁለቱ ተጋግዘው ከወዳደቀ ብረት ረዥም መጭመቂያ ሠሩ፤ ከሥሩ ከሰል፣ ከላዩ ከባድ ብረት። ስፌቱን ክንድ በክንድ አበሰሉት። የሙከራው ቁራጭ ሦስቱንም ከተማ አልፎ ሲመጣ «ጋሪዳ» የምትለዋን ቃል የህያ ከአፋቸው ሰማ።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ዕድሩ የገዛው አዲሱም ድንኳን ማፍሰስ ጀምሮ ሳለ ኦቦ ነገሳ ሰፈሩን ሁሉ ጠሩ። ያንን የተጣለ ድንኳን ገልብጠው በደጃቸው ባሕር ዛፎች መካከል በአራት ማዕዘን ሰቅለውታል፤ ሆዱ ወደ ታች፣ አፉ ወደ ላይ።

አቶ መኮንን «አንተ ነገሳ፣ ደግሞ ዛሬ ምን ልታጣብቅብን ነው?» አሏቸው።

«ዛሬ የማጣብቀው የአንተን አፍ ነው» አሉ ኦቦ ነገሳ። «ውሃ ቅዱ!»

ሰው በጀሪካን እየተቀባበለ ውሃ ሞላበት። ድንኳኑ እንደ እርጉዝ ላም ሆዱን ነፋ። አንዱ «ሁለተኛ የገፈርሳ ግድብ ሠሩልን» አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አልቀለደም። አቶ መኮንን ሰሌን አስነጥፈው፣ ባርኔጣቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ከሥሩ በጀርባቸው ተኙ። ጠበቅን። ጥቂት ቆይተው ከሥር «ውሃው እውነት ከላይ አለ ወይስ አፈሰሳችሁት?» ብለው ጠየቁ። ፀሐይ በውሃው ውስጥ አልፋ ስፌቱን ጥቁር መስመር አድርጋ ታሳየን ነበር፤ በዚያ ሁሉ የመርፌ ቀዳዳ አንዲት ጠብታ አላለፈችም። አቶ መኮንን ደረቅ ልብሳቸውን እያራገፉ ተነሥተው ባርኔጣቸውን ለኦቦ ነገሳ አነሡ።

ድንኳኑ ወደ ዕድሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የእኛን ብቻ ሳይሆን የሙስሊም ጎረቤቶቻችንንና ከደቡብ መጥተው በየፋብሪካው የሚሠሩ ተከራይ ወገኖቻችንን ሐዘንም ሸፍኗል። ኦቦ ነገሳ በየለቅሶው አንገታቸውን ቀና አድርገው ስለሚቀመጡ እንግዳ ሰው ጸሎተኛ ናቸው ይል ነበር። እኛ ግን የሚያዩት ስፌቱን እንደሆነ እናውቅ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ባለፈው በጋ፣ አቅማቸው ሳይደክም፣ መካከለኛው ምሰሶ የሚነካውን ስፌት ሳስቷል ብለው እንደገና አበስለውት ነበር። ይህ ስፌት ግን ክረምት አላየም። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ለፀዲና ለሲላስ የሚጠይቁት ስለ መድኃኒታቸው አልነበረም፤ «ምሰሶው ላይ ያለችው አልተፈተነችም፤ እሷን እዩልኝ» ነበር የሚሉት። ፀዲ «አባዬ፣ ሲሻልህ አብረን እናያታለን» ስትላቸው፣ «የለም፣ በእኔ ቀን ትታያለች» አሏት።

ኦቦ ነገሳ ዱቤ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ድንኳናቸው በደጃቸው ተተከለ፤ ከሰዓት በኋላም ዝናቡ ከነበረዶው ወረደ። አዴ ቦሰና ከሱሉልታ ደርሰው በቀጥታ ሄደው መካከለኛው ምሰሶ ሥር ተቀመጡ። አቶ መኮንን ጎንበስ ብለው «አዴ ቦሰና፣ ወደ ዳር ይበሉ፤ ይህቺ ስፌት ገና አልተፈተነችም» ቢሏቸው፣ «ወንድሜ የሠራው ነው። ካፈሰሰም እኔ ላይ ያፍስስ» ብለው አልነሣም አሉ።

አቶ መኮንንም አብረዋቸው ተቀመጡ። ያን ዝናብ ሁላችንም ቀና ብለን አሳለፍነው፤ እንደ ኦቦ ነገሳ። ሲያባራ ፀዲ የአክስቷን ትከሻ ዳበሰች። ነጠላቸው ከእንባቸው በቀር የነካው ውሃ አልነበረም። አዴ ቦሰና ወደ ስፌቱ ተመለከቱና በወንድማቸው ፈንታ ተናገሩ፦

«ጋሪዳ።»

ኦቦ ነገሳ ዱቤ የሁለት ልጆች አባት፣ የልጅ ልጆች አያት፣ የአዴ ቦሰና ወንድም፣ የዚህ ሁሉ ሰፈር ጎረቤት ነበሩ። ሥርዓተ ቀብራቸው ቤተሰባቸው፣ ወዳጆቻቸውና የዕድራቸው አባላት በተገኙበት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ሐዘንተኛን ከዝናብ የጋረዱትን አባታችንን፣ እግዚአብሔር በማያረጅ ድንኳኑ ጥላ ሥር፣ ከወይዘሮ ኤልሳቤት አጠገብ ያሳርፍልን። ለልጆቻቸውና ለእህታቸው መጽናናቱን ይስጥ። እኛንም፣ ሲጎትቱን ተመልሰን የምንሰበሰብ ያድርገን። አሜን።