ከመተኛቴ በፊት የጌም ማጫወቻዬን ስለ ማውረሴ

እኔ፣ በፍርድ ቤት ታይፒስትነት አርጅቼ ጡረታ የወጣሁት የሁለት ልጆች እናት፣ ዛሬ ማክሰኞ ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው፤ ልቤ ግን ከፍርሃት ብዛት ከቦታው የለም። ነገ ጠዋት ሐኪሞች ሆዴን ይቀድዱታል። ዋናው ሐኪም "አይዞዎት እማማ፣ እናስተኛዎታለን" አለኝ። ከቢላዋው ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ቃል ነው።

የምኖርበት ቤት ለልጆቼ እኩል ይሁን። በቤት አይጣሉም፤ የሚጣሉት በጌም ነውና እርሱን ለይቼ ልናገር።

በእጅ የሚያዘውን የጌም ማጫወቻዬን ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ። ጡረታ ወጥቼ ጣቶቼ ሥራ ሲፈቱ የገዛችልኝ እርሷ ናት። ቁልፎቹ እንደ ድሮ ታይፔ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ከሁሉ የምወድለት ግን እንቅልፉን ነው፤ ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ገደል ሲዘል ማጫወቻውን አስተኝቼ፣ ልብስ አጥቤ፣ አስጥቼ ስመለስ እዚያው አየር ላይ ይጠብቀኛል።

ስማርት ስልኬ ለወንድ ልጄ ይመለስ። "እማዬ፣ ስልክሽ ላይ ስንት ጌም እያለ ይቺን ቅራቅንቦ ምን ታደርጊያታለሽ?" ብሎ የገዛልኝ እርሱ ነው። አልዋሸም፣ ጌሙ ሞልቶ ተርፏል፤ ብዙውም በነፃ ነው። ነገር ግን መስታወቱን ስዳብስ የነካሁትንና ያልነካሁትን አላውቅም። ላሸንፍ ስል ማስታወቂያ ዘው ይላል። ሰው ደውሎ አነጋግሬው ስመለስ ጌሙ ጠፍቶ "እንደገና ጀምሪ" ይለኛል። ልጄ ሆይ፣ ስልኩን ከገዛህልኝ ወዲህ እግርህ ጠፍቶ ድምፅህ ብቻ መምጣቱንም ሳልናገር አላልፍም። ቢሆንም ስትደውል ደስ ይለኛል፤ የእኅትህ ማጫወቻ እኮ አይጠራም።

እንግዲህ ነገ በየትኛው ዓይነት እንቅልፍ፣ በማጫወቻዬ ወይስ በስልኬ፣ እንደሚያስተኙኝ አላውቅም። ሐኪሙን ብጠይቀው "እማማ፣ ጌም ይጫወታሉ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ብነቃና ልጆቼን ባላውቃቸውስ? ባልነቃስ? ወይ ጉድ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ጨለማ ፈራሁ! ቃሌን የሚጽፍልኝ ጸሐፊ "ይህ በኑዛዜ አይጻፍም" ይላል። ጻፈው ብያለሁ።

ልጆቼ፣ "የእኔ ይሻላል፣ የእኔ ይሻላል" እያላችሁ ስትከራከሩ ነገሩ "እናታችንን ማን ይበልጥ ይወዳል" እንደ ነበር አውቃለሁ። ሁለታችሁም ትወዱኛላችሁ፤ በቃ፣ ተዉት።

ምስክሮቼ ከታች ፎቅ ያለው ጫማ ሰፊና ጎረቤቴ አስተማሪዋ ናቸው። ፊርማዬ ቢንቀጠቀጥ ከፍርሃት እንጂ ከአእምሮ መናወጥ አለመሆኑን ይመስክሩ። ይኸው ልጄ እያለቀሰች እጄን ልትይዝ መጣች። ተመለሽ! ስንቱ ኑዛዜ "እጇን ይዘው አስፈረሟት" ተብሎ ሲፈርስ ውሳኔውን የተየብሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ልፈርም። ስጨርስ ግን ሁለታችሁም ያዙኝ።

የተናዛዥ ፊርማ

ምስክሮች፦ ብቻቸውን ሲፈርሙ በዓይናችን አይተናል። ከፊርማው በኋላ ልጆቻቸው በግራና በቀኝ እጃቸውን ይዘዋል፤ እኛ ስንፈርምም አልለቀቁም።

የጫማ ሰፊው ፊርማ
የአስተማሪዋ ፊርማ