በራችን ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ ምክንያት የቀረበ የቅናት አቤቱታ

ለተከበሩ የመንገድና የውኃ መስመር ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ጉልበትዎም ደረጃ ለመውጣት የማይለግም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ የምሠራው ልዩ ድጋፍ የሚሹ አረጋውያን በሚኖሩበት መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ የጤናና የጉልበትን ዋጋ በየማለዳው አያለሁ። ሥራዬ ለእነዚህ አባቶችና እናቶች ቀናቸውን የሚያነቃቃ ጨዋታና እንቅስቃሴ ማዘጋጀት ነው። የተማርኩትም ይህንኑ ነው፤ የምረቃ ፎቶዬ እንኳ ገና ፍሬም አልገባለትም።

የማመሰግንዎት ነገር ስለበዛ እንዳይምታታብኝ በተራ ላስቀምጠው።

አንደኛ፤ የውኃ ቱቦ ለመቅበር ብለው የበራችንን ፊት ከዳር እስከ ዳር ስላስቆፈሩልን አመሰግናለሁ። በዚያን ዕለት በአካል መጥተው፣ አረጋውያኑን በአክብሮት ጎንበስ ብለው፣ «በሁለት ሳምንት እንጨርሳለን» ማለትዎን ሁላችንም ሰምተናል። እኔ በበኩሌ ስትሮክ ላጋጠማቸው ለስላሳ ኳስ፣ ማየት ለተሳናቸው በማሽተት የሚለዩ ትናንሽ ከረጢቶች፣ ለሚረሱት ደግሞ የወጣትነት ዘመናቸውን ዘፈኖች አዘጋጅቼ ነበር፤ ጨርቅ ስቆርጥ ጣቴ ውኃ ቋጥሯል። ኤክስካቫተር የሚሉት መቆፈሪያ ማሽንዎ ሥራ የጀመረ ጠዋት ግን አዳራሹ ውስጥ ከእኔና ከኳሷ በቀር ማንም አልቀረም። ሁሉም የኮሪደሩ መስኮት ላይ ተሰልፈዋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ የእርስዎ ግን ውኃው ሳይመጣ ጉድጓዱ እያሳሳቀ ወሰደብኝ።

ሁለተኛ፤ የቀድሞው አውቶቡስ ነጂ፣ እኛ «ሾፌሩ አባባ» የምንላቸው፣ በተገናኘን ቁጥር «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል። አልቀየምም፤ የመርሳት በሽታው ነው። የሚቆጨኝ፣ የማሽንዎን ኦፕሬተር ገና ከመንገዱ ማዶ በአረማመዱ ለይተው «ያ ልጅ ዛሬ አርፍዷል፣ ምን ሆኖ ይሆን?» ማለታቸው ነው። ዐይናቸው የማያየው የቀድሞው ሰዓት ጠጋኝ ደግሞ ያን ሁሉ የለፋሁበትን ከረጢት አንዴ አሽትተው «ሳሙና ነው ልጄ፣ ዐወቅሁት፤ አሁን ወደ መስኮቱ ውሰጂኝ» ብለው መለሱልኝ። እዚያም ተቀምጠው በጆሯቸው ብቻ «አሁን ድንጋይ ነካ» ሲሉና ድንጋዩ ሲወጣ ኮሪደሩ በጭብጨባ ይናጋል። ለእኔ ያጨበጨበልኝ ሰው ቢኖር ሥራ አስኪያጇ ናት፤ እሱም የተቀጠርኩ ቀን።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉም ይበልጥ ያንገበግበኛል። ልብስ ሰፊዋ እማማ በስትሮኩ ምክንያት ግራ እጃቸው ከድቷቸዋል። ክረምቱን ሙሉ ኳሷን ስወረውርላቸው፣ ኳሷ ጭናቸው ላይ አርፋ ወደ መሬት ስትንከባለል፣ እኔም ከወንበር ሥር ተንበርክኬ ሳወጣት ከረምን። ኦፕሬተርዎ ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማሽኑን አካፋ ወደ መስኮታችን ከፍ ዝቅ አድርጎ ሰላምታ የመስጠት ልማድ ነበረው። አንድ ጠዋት እማማ መለሱለት። በግራ እጃቸው! መጀመሪያ እስከ ደረታቸው፣ በማግሥቱ እስከ ትከሻቸው። ሁሉም ሲጮህ አብሬ ጮህኩ፤ ከዚያ የኳስ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። እውነቱን ከፈለጉ፣ ግማሹ ደስታ ነው፣ የሚበልጠው ግማሽ ቅናት ነው። ለእኔ ያልተነሣ እጅ ለብረት አካፋ ተነሣ!

እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ከጥበቃው ቢጫ ሄልሜት ተውሼ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ወጥቼ ሁለት እጄን አወናጨፍኩላቸው። እማማ መስኮቱን አስከፍተው «አንቺ ልጅ፣ ዞር በይልን፣ ከለልሽን እኮ!» አሉኝ።

አራተኛ፤ ቱቦው ሳይቀበር ማሽኑን በከባድ መኪና አስጭነው ስለወሰዱልን አመሰግናለሁ። ጉድጓዱን ትተውልን ስለሄዱ ባዶ እጃችንን ቀረን አይባልም። ተሽከርካሪ ወንበር በበሩ ማለፍ ስለማይችል እስከ መናፈሻው ያቀድኩት የእግር ጉዞ ቀርቷል። ሆኖም አረጋውያኑ አሁንም በየጠዋቱ መስኮቱ ላይ ይሰለፋሉ። ሰዓት ጠጋኙ ጆሯቸውን ያቀናሉ፤ ድንጋይ የሚነካ ማሽን ግን የለም። የእማማ እጅ ጭናቸው ላይ ተመልሶ ተቀምጧል። ኳሷን ይዤ ስቀርብ «እሱ ሲመጣ» ይሉኛል፤ ሐኪማቸው ግን ያልሠራ እጅ ይደርቃል፣ እሱ እስኪመጣ አይጠብቅም ብሎናል። ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ብጠይቅ ጸሐፊዎ በትሕትና «ልጁ ሌላ ቦታ ተመድቧል፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አለችኝ። ሂደት የሚባለው ነገር በእግሩ የሚሄድ ከሆነ፣ እባክዎ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ልናውሰው እንችላለን።

ክቡር ሆይ፣ ጣውንቴን መልሱልኝ ብላ ደጅ የምትጠና ሴት አይተው ያውቃሉ? እነሆ፣ እኔ ነኝ። ማሽኑን ከነልጁ ይመልሱልን። ቱቦውን ይቅበሩ፣ አፈሩን ይመልሱ፣ በሩንም ለተሽከርካሪ ወንበር ያስተካክሉልን። የመጨረሻው ቀን እማማን እየገፋሁ በደፈናችሁት መንገድ ላይ አወጣቸዋለሁ፤ ልጁም ከማሽኑ ይውረድና እማማ በዚያ በግራ እጃቸው ይጨብጡት። እኔ ከጎን እቆማለሁ። ቃሌን እሰጥዎታለሁ፣ አልከልልም።

የጽሕፈት ቤትዎ ጥላ እንደ ጉድጓድዎ ሰፊና ጥልቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ በማያንስ ቅናት ጋር፣
ከመስኮቱ በስተኋላ ኳስ ይዛ የምትጠብቀው፣
የመንከባከቢያው የእንቅስቃሴ አስተባባሪ

ጉዳዩ ሳይረሳ፦ ሾፌሩ አባባ እኔን ዛሬም የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀውኛል፤ «በሁለት ሳምንት» ያሉትን ቃልዎን ግን አልረሱም፤ ጠዋት ጠዋት «ያ ሰውዬ የት ደረሰ?» ይላሉ። ለሚረሱ ሰዎች ያዘጋጀሁት የማስታወስ ልምምድ ላይ ከጎናቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ ለእርስዎ ይዤዋለሁ። ጉድጓዱን እንዴት እንደሚሻገሩት ግን እርስዎ ያውቃሉ።